ሐሳብ ያለው ሠራተኛ ወደ ኮሚቴው ይምጣ

ቡሬ ላይ ተቀምጦ ስለ መርከብ ሠራተኛ መጻፍ ትንሽ ያስቃል፤ አውቃለሁ። ቡሬ የምትታወቀው በበርበሬዋና በበቆሎዋ፣ ወደ ነቀምት በሚገነጠለው መንገዷ ነው። ትልቅ ውኃ ማየት ያማረው የቡሬ ሰው ቁልቁል ወርዶ ዓባይን ያያል፤ አልያም መኪና ተሳፍሮ ባሕር ዳር ይሄዳል። ባሕሩማ፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ለሀገሪቱም የላት። ታዲያ መርከብ ምን አገባን?

መርከቡስ ላያገባን ይችላል። ሠራተኛው ግን ያገባናል። በ2013 ዓ.ም. እዚሁ ቡሬ ላይ የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመረቀ። ከቡልቡላ፣ ከባዕከርና ከይርጋለም ጋር በሀገር ደረጃ ከተመረጡት አራት የተቀናጁ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አንዱም የቡሬው ነው። አባቱ በሬ ጠምዶ ያሳደገው ልጅ ማሽን ፊት መቆም ጀመረ ማለት ነው። ማሽን ፊት የቆመ ሰው ደግሞ ከማንም በፊት አንድ ነገር ያውቃል፤ ማሽኑ የት ጋ እጅ እንደሚበላ። ሥራ አስኪያጁ ሪፖርት ያነባል፣ መሐንዲሱ ንድፍ ያያል፣ ሠራተኛው ግን ጣቱ እዚያው ነው። ይሄ ዕውቀት ወዴት ይሄዳል? የሚሰማውስ ማነው?

ለዚህ ጥያቄ በጽሑፍ የሰፈረ፣ ደንብና ገንዘብ ያለው መልስ ከሰጡት ቀደምት ቦታዎች አንዱ የመርከብ መሥሪያ ግቢ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ፣ ከግላስጎው ወጣ ብላ በክላይድ ወንዝ ዳር የምትገኝ ዱምባርተን የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ዊልያም ዴኒና ወንድሞቹ የሚባል ኩባንያ ነበር። በወሬ ወሬ ስሙን የሰማችሁት «ከቲ ሳርክ» የተባለችው ዝነኛ የሸራ መርከብ የተጨረሰችው እዚያ ነው። የጀመሯት ሰዎች ኪሳራ ገብተው እ.ኤ.አ. በ1869 ሥራው በዴኒዎች እጅ ተፈጸመ።

እስቲ ግቢውን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። በዚያ ዘመን የብረት መርከብ የሚገጣጠመው በብየዳ አይደለም። ሁለት የብረት ሰሌዳዎች ተደራርበው ይበሳሉ፣ በቀዳዳው የጋለ የብረት ችንካር (ሪቬት ይሉታል) ይገባል፣ ከዚያ በወዲያ በኩል አንዱ ደግፎ ሲይዝ በወዲህ በኩል ሁለት ሰዎች በመዶሻ ይቀጠቅጡታል። ችንካሩን በምድጃ የሚያግለው ብዙ ጊዜ ትንሽ ልጅ ነው። ፍም የመሰለውን ብረት በጉጠት ያነሳና ወደ ላይ ያቀብላል ወይም ይወረውራል። ላይ ያሉት የቆሙት በእንጨት ርብራብ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በየፎቁ የምናየውን የባሕር ዛፍ ርብራብ አስቡት። ከታች የሚያልፍ አለ፣ ከላይ የሚጥል አለ። መዶሻው ደግሞ ቀኑን ሙሉ አያርፍም።

ስለ መዶሻው አንድ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1886 ቶማስ ባር የተባለ የግላስጎው የጆሮ ሐኪም አንድ መቶ የቦይለር ሠራተኞችን ጆሮ መረመረ። ቦይለር ሠሪና የመርከብ ብረት ቀጥቃጭ ሥራቸው አንድ ዓይነት ነው። ከመቶው መካከል ጆሮው እንደ ጤነኛ ሰው የሚሰማ አንድም አላገኘም። አንድም! ለእነዚያ ሰዎች መደንቆር እንደ ደመወዝ የሥራው አንድ ክፍል ነበር።

ሕጉስ? ሕጉ ለረጅም ጊዜ ከአሠሪው ጎን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ የእንግሊዝ ዳኞች ይዘውት የቆዩ አንድ አስተሳሰብ ነበር፦ አንድ ሠራተኛ በሥራ ባልደረባው ጥፋት ከተጎዳ ጌታው አይጠየቅም፤ ሥራውን ሲቀበል አደጋውንም አብሮ ተቀብሏል። ፎርማኑም «ባልደረባ» ተብሎ ይቆጠር ስለነበር ጌታው ተጠያቂ የሚሆንበት ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ነበር። ይህን በከፊል ያላላው የአሠሪዎች ኃላፊነት ሕግ የወጣው በ1880 ነው።

ዴኒዎችም ያንን ደንብ ያወጡት በዚያው በ1880 ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መገጣጠማቸው ለእኔ ተራ ነገር አይመስለኝም። ሠራተኛ ከሥራ አደጋ መጠበቁ የአሠሪው ጉዳይ ነው የሚለው ሐሳብ አየሩ ውስጥ ነበረ።

ደንቡ እንዲህ ነው። ማንኛውም የግቢው ሠራተኛ አንድ ነገር ፈጥሮ ወይም አሻሽሎ ከሆነ ለዚሁ ለተቋቋመ የሽልማት ኮሚቴ ያመለክታል። ኮሚቴው ይመረምራል፤ ካመነበት በጥሬ ገንዘብ ይሸልማል። ለሽልማት የሚያበቁት ነገሮች ተለይተው ተጽፈዋል፦ አዲስ ማሽን ወይም የእጅ መሣሪያ ማምጣት፣ ያለውን ማሻሻል፣ ያለውን መሣሪያ ለአዲስ ሥራ ማዋል፣ አዲስ የአሠራር ዘዴ ማግኘት፣ የዕቃ ብክነትን መቀነስ፣ ባጠቃላይ ሥራውን የተሻለ ወይም ርካሽ የሚያደርግ ለውጥ። በእነዚህ መሀል ደግሞ አንዲት ነጥብ ገብታለች፤ አደጋን የሚከላከል መሣሪያ መፍጠር ወይም ማስገባት።

እኔን የያዘችኝ ይቺ ነጥብ ናት። ሌሎቹ ሁሉ ለኩባንያው ገንዘብ ያመጣሉ፤ ለእነሱ መሸለም ብልህ ነጋዴ የሚያደርገው ነው። አደጋ መከላከያ ግን በዚያ ዘመን ለኩባንያው የሚያስገባው ትርፍ ለዓይን የሚታይ አልነበረም። የሞተው ቢሞት በበነጋው ጠዋት በር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ። እንዲያም ሆኖ የሰው ጣት ያተረፈ መሸፈኛ፣ ጊዜ ካተረፈ ማሽን ጋር እኩል ተቆጥሮ በአንድ ዝርዝር ላይ ተቀመጠ። ሽልማቱ በጥቂት ፓውንድ የሚቆጠር ነበር። የተካነ የክላይድ ሠራተኛ የሳምንት ደመወዝ ሁለት ፓውንድ እንኳ በማይሞላበት ጊዜ ግን ጥቂት ፓውንድ ማለት የቤት ኪራይ፣ የልጅ ጫማ፣ የክረምት ከሰል ነው።

ዴኒ ቅዱስ ነበር እያልኩ አይደለም። ሠራተኛው የሚያስበውን በርካሽ መግዣ ዘዴ ነው የሚል ሰው ቢመጣ አልከራከረውም፤ እውነት አለው። ሠራተኛው ያሰበው ሐሳብ ኩባንያውን ለዓመታት ሲጠቅም ይኖራል፣ ሽልማቱ አንዴ ይበላል። ግን ዊልያም ዴኒ በመለካት የሚያምን ሰው ነበር። መርከብ ከመሠራቱ በፊት ትንሽ አምሳያው በውኃ ገንዳ ውስጥ እየተጎተተ መፈተን አለበት ብሎ ያስጀመረው ገንዳ በ1883 ተጠናቀቀ፤ በአንድ የንግድ ኩባንያ እጅ የተሠራ የመጀመሪያው ነው፣ ዛሬም ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል። ውኃውን ጠይቆ የሚያምን ሰው ሠራተኛውን ለመጠየቅ አይከብደውም መሰለኝ። በ1887፣ ገና በ39 ዓመቱ፣ ቦነስ አይረስ ውስጥ ሞተ። ግቢው ራሱ እስከ 1963 ቆይቶ ተዘጋ።

ገንዳው ባለቀበት በዚያው በ1883 ዓመት፣ እዚያው ክላይድ ወንዝ ላይ፣ በሌላ ኩባንያ ግቢ የሆነውን ሳልነግራችሁ ባልፍ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። ሐምሌ 3 ቀን (በፈረንጅ አቆጣጠር ጁላይ መሆኑ ነው) «ዳፍኒ» የተባለች አነስተኛ መርከብ ሊንትሃውስ ከተባለው ቦታ ተገፍታ ወደ ውኃው ገባች። መርከብ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውኃ ሲለቀቅ በዓል ነው፤ ሰው ይሰበሰባል፣ ይጨበጨባል። ዳፍኒ ስትለቀቅ ግን ውስጧ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ሠራተኞች ነበሩ። አናጢው፣ ቀጥቃጩ፣ ቀለም ቀቢው፣ ሁሉም ውኃው ላይ እንደደረሰች ሥራቸውን ለመቀጠል ተዘጋጅተው ተሳፍረዋል፤ ጊዜ ለመቆጠብ። መርከቧ ውኃው ላይ እንዳረፈች ተንጋደደችና ተገለበጠች። 124 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱ ውስጥ ገና ሥራ የሚለማመዱ ልጆች ብዙ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የተደረገው ምርመራ የመርከብ ሚዛን አስቀድሞ በስሌት መታወቅ እንዳለበት አጥብቆ ተናገረ፤ መርከብ ሲለቀቅም ለዚያ ሥራ ከሚያስፈልገው ሰው ውጪ ማንም እንዳይሳፈር ማድረግ እየተለመደ መጣ። ስሌቱ የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ ይገባኛል። «ለምን ሁላችንም እንሳፈራለን?» ብሎ ለመጠየቅ ግን ስሌት አያስፈልግም ነበር። የሚያስፈልገው ጥያቄውን የሚቀበል ሰው ነው።

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የምንሸመድደው ጥያቄ «ማን» የሚለው ነው። የዴኒን ታሪክ ሳነብ የጎደለብኝም እሱው ነው። የታሪክ መጻሕፍት የሚያነሱት ስም የዴኒ ነው፤ ደንቡን አወጣ፣ ሸለመ። የተሸለሙት «ሠራተኞች» ተብለው በጅምላ ያልፋሉ። ስሙ የተረፈለት ሠራተኛ ካለ ብላችሁ ብትፈልጉ ከመርከብ ግቢ ወጥታችሁ ወደ ማዕድን ጉድጓድ መውረድ ይኖርባችኋል፤ እዚያም ስሙ የተረፈው በጠብ ነው።

በሰሜን እንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች ውስጥ ጋዝ አለ። ሠራተኛው ለማየት ሻማ ይዞ ይወርዳል፣ ሻማው ጋዙን ያገኘዋል፣ ጉድጓዱ ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. በ1812 ፌሊንግ በሚባል ቦታ በአንድ ፍንዳታ 92 ሰዎች አለቁ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1815፣ ሁለት ሰዎች እሳቱ ወደ ውጪ የማያመልጥ መብራት ሠሩ። አንዱ ሰር ሃምፍሪ ዴቪ ነው፤ ለንደን ያለ፣ ስሙ የገነነ ሳይንቲስት። ሌላው ጆርጅ ስቲቨንሰን ነው፤ ኪሊንግወርዝ በተባለ ጉድጓድ የሞተር ባለሙያ፣ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቱ ድረስ ማንበብና መጻፍ የማይችል የድኻ ልጅ። (አዎ፣ በኋላ ባቡር ያስሮጠው ስቲቨንሰን ነው።) የእሱ መብራት በቤተ ሙከራ አልተፈተነም። ይዞት ጋዝ ወዳለበት ጉድጓድ ራሱ ወረደ!

ለዴቪ 2000 ፓውንድ ተዋጣለት። ለስቲቨንሰን 100 ጊኒ ተሰጠው፤ ያም ሆኖ ሐሳቡን ሰርቋል የሚል ሐሜት ተከተለው። ያልተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ያስባል? ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የአካባቢው ሰዎች ተቆጥተው የራሳቸውን ማጣራት አደረጉ፤ ስቲቨንሰን ለብቻው እንደሠራው መሰከሩለት፤ 1000 ፓውንድም አዋጥተው ሰጡት። የኪሊንግወርዝ አካባቢ ሰዎችም ለረጅም ጊዜ የዴቪን መብራት ሳይሆን «ጆርዲ» የሚሉትን የእሱን መብራት ይዘው ወረዱ። መብራቶቹ ከመጡ በኋላ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ፤ ቀድሞ አደገኛ ተብለው የተዘጉ ጉድጓዶች «አሁንማ መብራት አለ» ተብለው ተከፈቱ፣ ሞቱም እንደታሰበው አልቀነሰም።

«ያልተማረ ሰው እንዴት ያስባል» የሚለው ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። እንዲያውም እኛ ብሰን ቁጭ ብለናል። ብረት የሚቀጠቅጠውን «ቡዳ»፣ ቆዳ የሚፋቀውን «ፋቂ»፣ ሸማ የሚሠራውን «ቁጢት በጣሽ» ብለን የሰደብን ሕዝብ ነን። ዳግማዊ ምኒልክ በንግሥናቸው መጨረሻ ዓመታት ባለ እጅን በሥራው እንዳይሰድቡ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ዱምባርተን ላይ ለባለ እጅ የሽልማት ደንብ ሲወጣ፣ እኛ ዘንድ ገና ስድቡን ማስቆም ነበር ያስቸገረው።

የጎጃምን መርከብ ሠሪ ልጥራላችሁ? ከጣና ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ሲገለሉ የኖሩት ሰዎች ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ታንኳው ከውኃ ወጥቶ በፀሐይ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ስለዚህ በታንኳው ሆድ ውስጥ ሌላ ወፍራም የደንገል ንጣፍ ይገባል፤ ቀዛፊውና ጭነቱ ከውኃው ከፍ ብለው እሱ ላይ ይቀመጣሉ። ይሄ ንጣፍ በእኔ ዓይን በትክክል የሥራ ላይ ደኅንነት መሣሪያ ነው። ደንገሉማ ዓለምን ዞሯል፦ የኖርዌዩ ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ለመሻገር የተነሳባት «ራ» የተባለች ጀልባ የተሠራችው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነው። ንጣፉን መጀመሪያ ያሰበው ሰው ግን ሽልማት ቀርቶ ቡና አብሮት የሚጠጣ ጎረቤት አላገኘም።

ወደ ፋብሪካው ልመለስ። በደርግ ጊዜ «ኮከብ ሠራተኛ» የሚባል ነበር፤ ወላጆቻችን ያስታውሱታል። ኮከቡ የሚሰጠው ከዕቅድ በላይ ላመረተ ነው። ጣት ያተረፈ ምን ኮከብ ነበረው? ከዚያ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ከዚያ በፊትም ከጃፓኖች ጋር በሠላሳ ኩባንያዎች ሙከራ ተደርጓል። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያሉ የሚቀጥሉትን አምስቱን «ማ»ዎች ያልተለጠፈበት የፋብሪካ ግድግዳ ያኔ ስንት ነበር? ብዙዎቻችን ካይዘንን እንደ አንድ ተጨማሪ የግምገማ ስብሰባ ነው የሰማነው። እውነቱን ለመናገር ግን ሆዱ ሲከፈት ውስጡ ያለው ያው የዱምባርተን ነገር ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1951 ሠራተኛው ሐሳቡን ጽፎ የሚያቀርብበትና የሚሸለምበትን ሥርዓት ሲጀምር ኃላፊዎቹ አሜሪካ ሄደው ፎርድ ኩባንያ ውስጥ ካዩት ወስደው ነው። የሐሳብ መስጫ ሣጥን ስንል የምንቀልድባት፣ ቁልፏ የጠፋ፣ አቧራ የለበሰች ሣጥን ጌታዋ ሲያከብራት እንዲህ ያለ ሥራ ትሠራለች።

ሕጋችንስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከበፊቱ አዋጅ 377/1996 የወረሰው ክፍል አለው። በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የሚጠብቅ እርምጃ የመውሰድ፣ መከላከያ መሣሪያና ልብስ የማቅረብ፣ ስለ አደጋው የማስተማር ግዴታ አለበት። በአንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው ግዴታ አለበት፤ መሣሪያ ላይ ያየውን ጉድለት፣ አደጋ ያመጣል ብሎ የጠረጠረውን ሁኔታ ለአሠሪው ማሳወቅ። ስለዚህ የእኛ ሕግ ሠራተኛውን «ያየኸውን ተናገር» ይለዋል። «መፍትሔ ካመጣህ ይህን ታገኛለህ» የሚለውን የዴኒን ነጥብ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ አታገኙትም። እሱን የምትፈልጉ ወደ ሌላ አዋጅ መሄድ አለባችሁ፦ ስለ ፈጠራ፣ አነስተኛ ፈጠራና ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ የወጣው አዋጅ ቁጥር 123/1987። «አነስተኛ ፈጠራ» የሚለውን ቃል እወደዋለሁ። ዓለምን የማይገለብጥ፣ ግን አዲስና የሚሠራ ነገር ማለት ነው፤ ለአምስት ዓመት የሚያገለግል፣ ሊታደስ የሚችል የምስክር ወረቀት ያሰጣል። ወረቀቱ የሚሰጠው አዲስ አበባ ነው። ከቡሬ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ደግሞ የመኪናው ብቻ ስንት እንደሆነ ለቡሬ ልጅ አልነግረውም።

ፓርኩንና ትልልቁን ፋብሪካ እንተወውና፣ ቡሬ ውስጥ ማሽን በብዛት ያለው ወፍጮ ቤት ነው። የበርበሬ ወፍጮ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? በሩ ላይ ሳትደርሱ ነው የሚያስነጥሳችሁ። ውስጥ ያሉት ሰዎች አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ወይም በሻርፕ ጠቅልለው ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው፤ ያቺ ነጠላ ናት የመከላከያ መሣሪያቸው። ያው ነጠላ ጫፉ ከተለቀቀ ደግሞ ከሞተሩ ወደ ወፍጮው የሚዞረው ቀበቶ (መካኒኮቹ ቺንጊያ ይሉታል) ይጎትተዋል። ነጠላ ብቻም አይጎትት፤ ፀጉርም፣ እጅም። በየወፍጮ ቤቱ የሚዞረው ቀበቶ አብዛኛውን ጊዜ ዕርቃኑን ነው።

እኔ የማውቀው አንድ ወፍጮ ቤት ግን ቀበቶው ላይ ክዳን አለው። ከአሮጌ በርሜል ቆርቆሮ ተቆርጦ የታጠፈ፣ በአንድ በኩል በማጠፊያ የሚከፈት፣ ሞተሩ ሲጠፋ ቀበቶውን ለማጥበቅ የሚነሳ። የማጠፊያው ብሎኖች ሁለቱ አንድ ዓይነት እንኳ አይደሉም። ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ በአሮጌ የብስክሌት ጎማ ተለብጧል። ማን እንደሠራው ባለቤቱን ጠየቅኳቸው።

«አንድ ልጅ ነበር፣ እዚህ ይሠራ የነበረ። የሴትዮዋ ነጠላ ከተያዘ በኋላ ነው የሠራው። ምንም ሳልለው።»

«ከፈሉት?»

«ምን ይከፈለዋል ልጄ፣ ለራሱ ብሎ ነው» አሉኝና ትንሽ ቆይተው፣ «አሁን አዲስ አበባ ነው፤ ብየዳ ይሠራል አሉ» አሉኝ።

ስሙን ጠየቅኳቸው። የሚጠሩበትን ቅጽል ስም ነገሩኝ። የአባቱን ስም አያውቁትም።